አየር ሲገባበት የሚሞት ዕቃ

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት አሮጌ ሬዲዮ በባጃጅ ጭነው ሱቄ መጡ። እኔ ስልክ ነው የምጠግነው። ባሕር ዳር፣ ሽንብጥ ያለችኝ ሱቅ ጠባብ ናት፤ ከስክሪን፣ ከቻርጀርና ከባትሪ ሌላ ብዙም የሚገባባት ነገር የለም። እናትየዋ ግን ሌላ ቦታ «እኛ ይኼን አንነካም» ተብለው ነው እኔ ጋ የደረሱት። ሬዲዮው ባለ እንጨት ሳጥን ነው፤ ፊቱ ጨርቅ የለበሰ። ባለቤታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ የገዙት ነው። «እሱ ካረፈ ወዲህ አልተከፈተም» አሉኝ።

ጀርባውን ፈታሁት። አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ በመሃል አምስት ቫልቮች ቆመዋል። ቫልቭ አምፖል የሚመስል፣ ውስጡ አየር የሌለው የመስታወት ዕቃ ነው፤ በድሮ ሬዲዮ ውስጥ ደካማውን ምልክት የሚያጎላው እሱ ነው። የአራቱ አናት ከውስጥ የሚያብለጨልጭ ብርማ ቅብ አለው። የአምስተኛው ግን ድፍን ነጭ ሆኗል። ይህን ነገር በቪዲዮ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ያ ብርማ ቅብ ጌተር ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ባሪየም ነው። ቫልቩ ከታሸገ በኋላ ውስጡ የቀረውን ርዝራዥ አየር እየለቀመ ባዶነቱን ይጠብቃል። መስታወቱ ከተሰነጠቀና የውጭ አየር ከገባ ይነጣል። ያኔ ቫልቩ አለቀለት።

«የቱ ነው የተበላሸው? እስቲ አሳየኝ» አሉኝ።

ስልክ የሚያመጣልኝ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቀኝም። ቢጠይቀኝም የማሳየው የለኝም። «ቦርዱ ነው» እላለሁ፤ ያምነኛል፤ ይከፍለኛል። የእኚህን እናት ሬዲዮ ግን ወደ ብርሃን አዙሬ በጣቴ ጠቆምኳቸው። ይኼ ነው፤ አየር ገብቶበታል አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«እኛ አየር ስናጣ ነው የምንሞት። ይኼስ አየር ሲገባበት ይሞታል?»

አዎ አልኳቸው። ነጩን መስታወት በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «በል እንግዲህ ሌላ ፈልግለት» ብለውኝ ሄዱ። ለእሳቸው ነገሩ እዚያው ላይ አበቃ። እኔን ግን «አሳየኝ» ያሉት ነገር አልለቀቀኝም። ስልክ በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኝ ጀመር።

አልጋ ሥር ያለው ሳጥን

ምትኩን ስፈልግ አንድ ጡረታ የወጡ ቴክኒሻን ጠቆሙኝ። አባይ ማዶ ነው የሚኖሩት። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ጋሼ የተማሩት ፖሊ ነው። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ ነው። ጋሼም ኤሌክትሮኒክስ የተማሩት ከዚያ ከመጡ መምህራን ነው። እስከ ዛሬ የቫልቭ ቁጥር ሲያነቡ በሩሲያ ፊደል አጠራር ነው የሚጠሩት።

አልጋቸው ሥር የብረት ሳጥን አለ። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ቫልቮች ሞልተውታል። የተጣለ ሬዲዮ ባገኙ ቁጥር ነቅለው ያስቀመጡት ነው። የእናትየዋ ዓይነት ግን አልተገኘም፤ እሱን በኋላ አንድ ወዳጄ ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ ፈልጎ ላከልኝ፤ ሬዲዮውም ተናገረ። ከሳጥኑ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው ሌላው ላይ ነበር። ወፍራም፣ ባለ ስምንት እግር፣ ከላይ ብርማ። ቁጥሩ 6ኤን8ኤስ ይላል። ከአሜሪካው 6ኤስኤን7 ጋር አቻ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ቫልቭ ማለት ነው።

«ይቺ ብቻዋን ሬዲዮ ትሆናለች» አሉ ጋሼ። እንዴት ብዬ ጠየቅኳቸው። ያስረዱኝ በጨራጨራ ነው። ጣና ሐይቅ ወደ አባይ የሚወጣበትን በር የሚቆጣጠረውን ግድብ ማለታቸው ነው። በሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ብዙ ጉልበት አያወጣም። ከኋላው የሚንቀሳቀሰው ግን የሐይቅ ውኃ ነው። ቫልቩም እንዲሁ ነው አሉኝ። የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ፕሌቱ ይስበዋል፤ በመሃል ያለችው የሽቦ ግሪድ በሩ ናት። ከአንቴና የመጣው እዚህ ግባ የማይባል ምልክት በሩን ሲያወዛውዝ ትልቁ ጅረት አብሮ ይወዛወዛል።

ታሪኩን በኋላ ለብቻዬ አነበብኩት። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ካቶድና ፕሌት ብቻ ያለውን ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ1904 ሠራ። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 በሁለቱ መሃል ሦስተኛ ነገር አስገባ። ያ ነገር ዚግዛግ የተጠማዘዘ ሽቦ ነበር፤ ሌላ ምንም አይደለም። ቴሌቪዥኑም፣ ራዳሩም፣ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮችም የተነሡት ከዚያች ከተጠማዘዘች ሽቦ ነው። ይህን ባነበብኩ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዲ ፎረስት ራሱ የሠራውን ነገር አሠራር በደንብ አልተረዳውም ነበር። የተረዳው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ኤድዊን አርምስትሮንግ ነው። በ1912 ከቫልቩ የወጣውን ምልክት ቀንሶ ወደ መግቢያው መለሰው። የተመለሰው እንደገና ይጎላል፤ እንደገና ይመለሳል። አንዲት ቫልቭ የብዙ ቫልቭ ሥራ የምትሠራው በዚህ ነው። ጋሼ «ብቻዋን ሬዲዮ ትሆናለች» ያሉትም ይህንኑ ነበር።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም

በማግስቱ የመዳብ ሽቦ ይዤ ሄድኩ። ሞተር ከሚጠመጥም ልጅ የገዛሁት፣ ቀለም የተቀባ ቀጭን ሽቦ ነው። ጋሼ ሽቦውን አይተው ፈገግ አሉ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉኝ። ይህ ተረት እንዲህ ቦታው ላይ ሲወድቅ ሰምቼ አላውቅም።

ወረቀት አወጡና ሰርኪቱን ሳሉልኝ። ከዚያ «ጣትህን አንቴናው ላይ አድርግ» አሉ። «ከዚህ ወዴት ይሄዳል?» ጣቴ በኮይሉ፣ ማለትም በተጠመጠመው ሽቦ፣ አልፎ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ወደሚይዘው ካፓሲተር፣ ከዚያ ወደ ግሪዱ፣ ከዚያ ወደ ፕሌቱ ሄደ። በየመታጠፊያው «እዚህ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። ካልመለስኩ ጣቴን አንሥቼ ከአንቴናው እንደገና እጀምራለሁ። መንገዱን ሳልደናቀፍ እስክጨርስ ድረስ የመበየጃውን ብረት አልሰጡኝም።

መሥራቱ ቀላል ነበር ማለት ይቻላል። ሻንሲው የዘይት ቆርቆሮ ነው። ኮይሉ የተጠመጠመው በፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ላይ ነው። ጣቢያ መቀየሪያው ተለዋዋጭ ካፓሲተር ከሞተ ሬዲዮ የተፈታ። አንቴናው ከቤቴ ጣሪያ እስከ ጎረቤት የማንጎ ዛፍ የተዘረጋ 20 ሜትር ገደማ ሽቦ።

የኃይሉን ነገር ግን ጋሼ አልተደራደሩም። የድሮ ሬዲዮ ፕሌት 250 ቮልት ይፈልጋል። ሰው ይገድላል። ከሶኬት ከነቀልከው በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አሉኝና 250 ቮልቱን ከለከሉኝ። በምትኩ አምስት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች ተያያዙ፤ 45 ቮልት። ለዚህች ሬዲዮ በቂ ነው። የቫልቩ ማሞቂያ የሚፈልገው 6.3 ቮልት ደግሞ ከባጃጅ ባትሪ መጣ። ባትሪው 12 ቮልት ስለሆነ ትርፉን የሚያቃጥል 10 ኦም ወፍራም ሬዚስተር በመሃል ገባ። እሱ ራሱ እጅ የማያስነካ ይግላል።

መጀመሪያ ቤቴ ውስጥ ስከፍታት የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው። ግርርር የሚል፣ ከዳር እስከ ዳር የሞላ። የሰፈሩ የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ ሁሉ በአየሩ ላይ ይጮኻል። ጣቢያ ከፍ ያለ ኃይል ያለው ከሆነ በላዩ ይሰማል፤ ደካማው ግን ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ሬዲዮዋ ደህና ናት። የሞላው አየሩ ነው።

መብራት የጠፋ ምሽት

ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ አማተሮቹ፣ ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ የሚገናኙት ሰዎች፣ ያሉበትን እየፈለግኩ ነበር። መብራት ጠፋ። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ይኼ ወሬ አይደለም። ሰፈሩ «ኡፍ» አለ፣ አንዱ ሻማ ጠየቀ።

እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ጩኸቱ ጠፍቷል። ዝቅ አላለም፤ ድርግም አለ እንጂ። ቻርጀሩም አምፖሉም ቴሌቪዥኑም በአንድ ቅጽበት ከአየሩ ላይ ወረዱ። የእኔ ሬዲዮ በባትሪ ስለምትሠራ አላቋረጠችም። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ብርሃን የቫልቩ ማሞቂያ ብቻ ነው። ከመስታወቱ ግርጌ ሁለት ትናንሽ ብርቱካናማ ጭረቶች። ከላይ ብርማው ጌተር ያንኑ ብርሃን መልሶ ያበራል።

አሁን የአርምስትሮንግን ነገር በእጄ አየሁት። የሚመለሰውን ምልክት የምትቆጣጠር አንዲት ቁልፍ አለች። ቀስ አድርጌ አዞርኳት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ለስለስ ያለ ሽሽታ ከሩቅ ይመጣል። ትንሽ ጨምር፤ ሽሽታው ይወፍራል፤ ሬዲዮዋ እየነቃች እንደሆነ ይሰማሃል። ትንሽ ስትጨምር «ቷ» የምትል ድምፅ አለች፤ በጣም ቀጭን ናት። እዚያ ላይ ቫልቩ በራሱ መወዛወዝ ጀምሯል። ካለፍካት ታፏጫለች። የሞርስ ምልክት፣ ፊደል በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚላክበት፣ የሚሰማው ከዚያች «ቷ» ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። እጄን ወደ ኮይሉ ሳስጠጋ ፉጨቱ ይቀየራል፤ ሳርቅ ይመለሳል። ሰውነቴ ራሱ የሰርኪቱ አካል ሆኗል። ማንም የሠራው ስልክ እኔ እዚያ መኖሬን እንዲህ አውቆት አያውቅም።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ምልክት ተነሣ። ታ ቲ ታ ቲ፤ ታ ታ ቲ ታ። ሲ ኪው። «የሚሰማኝ ማን አለ?» ማለት ነው። ሞርስ ገና እየለመድኩ ነበርና ሰውዬው ፈጣን ባለመሆኑ አመሰገንኩ። ደገመው። ከዚያ የራሱን መለያ ላከ። ቲ ቲ ቲ ታ፤ ቲ ቲ ታ። ቪ ዩ። ቪ ዩ የህንድ ነው። የቀረውን ፊደል አልያዝኩትም። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ያለ አንድ ሰው ጣቱን ቁልፍ ላይ አድርጎ ይጣራል፤ እኔ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

መንገዱን አውቀዋለሁ። ከምድር በላይ ርቆ፣ አዮኖስፌር በሚባለው ውስጥ ንጣፎች አሉ፤ ቀን ቀን የታችኛው ንጣፍ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንጣፍ ይጠፋል፤ ከላይ መቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ይቀራል፤ ሞገዱን ወደ ምድር ይመልሰዋል። ከዚያ የማንጎ ዛፉ ላይ ወዳለው ሽቦ። ከሽቦው በፒቪሲው ላይ ወደጠመጠምኩት መዳብ። ወደ ግሪዱ። ወደ ፕሌቱ። ወደ ጆሮዬ። ጣቴ ጋሼ ቤት ወረቀት ላይ የሄደበትን መንገድ ድምፁ እየሄደበት ነው። ከሰማይ እስከ ጆሮዬ ድረስ የማላውቀው አንድ እርምጃ አልነበረም። ይህን ያህል ዘመን ኤሌክትሮኒክስ ስነካካ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም።

አንድ ሰው መለሰለት። ሌላ መለያ፣ በጣም የደከመ። ሁለቱ ሲጨዋወቱ ቆየሁ። ከዚያ የሰፈር ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ፤ ጩኸቱም መልሶ ሁሉንም ሸፈነው።

መብራት በመምጣቱ ቅር አለኝ። እንጀራ የምትጋግረውን ጎረቤቴን፣ ሆስፒታል የተኛውን ሰው እያሰብኩም ቅር አለኝ።

ናፍቆቱ የምን ነው?

የቫልቭ ዘመን ያበቃው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። የቫልቩን ቦታ የወሰደው ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ ተፈለሰፈ። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀው ሬዲዮ ባለ ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ፕላስቲክ ነበር። ያልኖርኩበትን እንዴት እናፍቃለሁ?

ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ዘመኑን አትናፍቅ» አሉኝ። በደርግ ጊዜ የውጭ ጣቢያ የሚሰማው ድምፁን ቀንሶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ጆሮን ከጨርቁ ላይ አጣብቆ ነበር። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ አለ፤ የአሜሪካ ድምፅ በ1982 ተጨመረ። ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረውን ብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ደግሞ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1977 ወርሶታል። ማን ምን እንደሚሰማ ጎረቤት ያውቅ ነበርና ጎረቤትም ይፈራ ነበር። ሬዲዮ ያኔ ለጋሼ ጨዋታ አልነበረም። ስለዚህ የምናፍቀው ዘመኑን አይደለም። ይህን ከእሳቸው ከሰማሁ በኋላ ዘመኑን የሚያሳምር ነገር ሳነብ አልወድም።

እንደሚመስለኝ የምናፍቀው ዕቃው ለሰው የነበረውን አክብሮት ነው። የእናትየዋን ሬዲዮ የኋላ ክዳን ስፈታ ከውስጥ በኩል ወረቀት ተለጥፎበት አግኝቻለሁ። የትኛው ቫልቭ የት እንደሚሰካ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ተስሎበታል። ብዙ የድሮ ሬዲዮዎች እንዲህ ናቸው። ቫልቩ ራሱ በእጅ ይነቀላል፤ በእጅ ይሰካል። እግሮቹ መሃል ያለችው ጉጥ አጣምመህ እንዳትሰካው ትከለክልሃለች። የሠራው ሰው አንድ ቀን እንደምትከፍተው ያውቃል። እንድትከፍተውም ይፈልጋል። ባሕር ዳር ያለች፣ አይቷት የማያውቃት ሴት «አሳየኝ» ብትል የሚታይ ነገር ትቶላታል።

እኔ በየቀኑ የምከፍተው ስልክ በሙጫ ነው የታሸገው። በሙቅ አየር አልልሼ፣ በፕላስቲክ ቢላ ፈልቅቄ ነው የምገባው። ውስጡ ያለው አንድ ቺፕ በቢሊዮን የሚቆጠር ትራንዚስተር ይይዛል። አስደናቂ ነው፤ የእንጀራዬም ምንጭ ነው፤ አልሳደብበትም። ግን እንድገባበት የፈለገ ሰው የለም። ደንበኛዬ ሲጠይቀኝ «ቦርዱ ነው» የምለው ከዚያ በላይ እንዳውቅ ስላልተፈቀደልኝ ነው።

በትራንዚስተርም ሬዲዮ መሥራት ይቻላል የሚሉኝ አሉ። ሠርቻለሁ። ይረክሳል፣ አይግልም፣ ባትሪ አይበላም። የእኔዋ አንድ ቫልቭ ለማሞቂያዋ ብቻ ወደ 4 ዋት ታቃጥላለች፤ ይህ ሁሉ ሹክሹክታ ለመስማት ነው። ማሞቅ እስክትጨርስም ትጠብቃታለህ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላሉ ጋሼ፣ እጄ ወደ ቁልፉ ስትሄድ ሲያዩ። ትራንዚስተሩ ግን ሲሠራም ሲሞትም መልኩ አንድ ነው። ጥቁር ነጥብ ነው። ቫልቩ ሲኖር ይበራል፣ ሲሞት ይነጣል። ለእኔ ልዩነቱ ይኼ ነው፤ ትንሽም አይደለም።

ምልክት መላክ ገና አልጀመርኩም። ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኢ ቲ ብሎ የሚጀምር መለያም ከፈቃዱ ጋር ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ውስጥ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የተባለው የአማተር ሬዲዮ ክለብ ጣቢያ አለ። ሄጄ ላየው አስቤአለሁ። የሚጣራ ሰው ስሰማ መመለስ አለመቻሌ አሁን አሁን እየከበደኝ ነው።

እስከዚያው ቤታችሁ የቫልቭ ሬዲዮ ካለ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልዋጭ ሲመጣ በኪሎ አትስጡት። ዘመን ሙሉ ተዘግቶ ከኖረም ዝም ብላችሁ ሶኬት ላይ አትሰኩት። ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ደርቀው ሊሆን ይችላል፤ እነሱ ሲያልፉ ትራንስፎርመሩን ይዘው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ጀርባውን ክፈቱና የቫልቮቹን አናት እዩ። ብርማ ከሆነ ተስፋ አለው። ከዚያ የሚያውቅ ሰው ባለ 60 ዋት የድሮውን የሽቦ አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገብቶ ያብራው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ወዲያው ይነቀል። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ግን ትንሽ ታገሡት።

ከሰፈሬ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሁለተኛዋን ሬዲዮ ከእኔ ጋር እየሠራች ነው። ጣቷ ከአንቴናው እስከ ጆሮ ማዳመጫው ድረስ መንገዱን ጨርሷል፤ ጋሼ ራሳቸው ፈትነዋታል። ቫልቭ አለን፤ ሽቦ አለን፤ ቆርቆሮ አለን። የጎደለን ተለዋዋጭ ካፓሲተር ነው፤ የሚዞር፣ ባለ አየር ክፍተት፣ የድሮው ዓይነት። ሊጠገን ከማይችል ሬዲዮ የወጣ ያለው ሰው ሱቄ ብቅ ይበል። የሚሠራውን ግን እንዳትፈቱብን።